«የአዳምስ ወረቀቶች» ወይስ «የአዳምስ ቤተሰብ መዛግብት»?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የቋንቋ ወዳጆች። ስለ አሜሪካ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ስለ ጆን አዳምስ ቤተሰብ የሚያወራ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የቤተሰቡ ደብዳቤ፣ የዕለት ማስታወሻና የሥራ ጽሑፍ በእንግሊዝኛው በጅምላ «ዘ አዳምስ ፔፐርስ» ይባላል። «የአዳምስ ወረቀቶች» ብል ያስኬዳል? ንዑስ ርእሱን «የግልና የመንግሥት» ብዬዋለሁ፤ እሱም አልጣመኝም። ባለቤቱ አቢጌል በ1776 የጻፈችለትን «ሪመምበር ዘ ሌዲስ» የሚለውን ዝነኛ ቃል ደግሞ «ሴቶችን አስታውስ» አልኩት። ባልና ሚስቱ ደብዳቤያቸውን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት «ማይ ዲረስት ፍሬንድ» ብለው ነው። «ውድ ጓደኛዬ» ስለው የተማሪ ደብዳቤ መሰለብኝ። እስቲ አግዙኝ።

መልስ

እኅቴ፣ «ወረቀት»ን ተዪው። በቃሉ ክፋት የለም፤ የድሮ ሰው «ወረቀት ላከልኝ» ሲል ደብዳቤ ማለቱ ነበር። ዛሬ ግን ውጭ አገር ያለ አንባቢሽ «ወረቀቱ ወጣለት?» ሲባል የሚገባው የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ «የአዳምስ ወረቀቶች» ብሎ ርእስ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበትም እሱ ነው። «ሰነድ» ካልሽ ውልና የቤት ካርታ ይመጣል። «ጦማር» ጥንት ለደብዳቤ የተገባ ቃል ነበር፤ አሁን ኢንተርኔት ላይ ለሚጻፍ ነገር ስለዋለ አያስተማምንም።

እኔ «መዛግብት» እላለሁ። መዝገብ በግእዝ ሀብት የሚከማችበት ግምጃ ቤት ነው፣ የዚህ ቤተሰብ ታሪክም ይህንኑ ይመስላል። የጆን ልጅ ጆን ክዊንሲ አዳምስ፣ ስድስተኛው ፕሬዚዳንት፣ ለመጻሕፍቱና ለጽሑፎቹ እሳት የማይደፍረው ቤት እንዲሠራ ተመኝቶ በ1848 ሞተ። ልጁ ቻርልስ ፍራንሲስ በ1870 በማሳቹሴትስ ክዊንሲ ከተማ፣ ከቤተሰቡ መኖሪያ አጠገብ፣ የድንጋይ ቤተ መጻሕፍት አሠራ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጽሑፎቹ ቦስተን ወዳለው የማሳቹሴትስ ታሪክ ማኅበር ተዛወሩ፤ ቤተሰቡ ጨርሶ ለማኅበሩ የሰጣቸው በ1956 ነው። በማይክሮፊልም ሲነሡ 608 ጥቅል ሞሉ። ልጅ ከአባት እየተረከበ ያቆየው ነገር ነውና «የአዳምስ ቤተሰብ መዛግብት» ሲባል ክብደቱን ያገኛል።

ንዑስ ርእሱ ላይ ያለሽ ቅሬታ ልክ ነው። «የግልና የመንግሥት» ሁለት የተለያየ ሣጥን ያለ ያስመስላል፣ እዚህ ቤት ግን ሣጥኑ አንድ ነው። አቢጌል ማርች 31 ቀን 1776 ከመኖሪያዋ ከብሬንትሪ የጻፈችውን ያንኑ ደብዳቤ እዪው። የእንግሊዝ ጦር ቦስተንን ለቅቆ ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። ቦስተን ከተማ ያለው ቤታቸው የክፍለ ጦር ሐኪም ኖሮበት በጣም ቆሽሾ ቢገኝም ሌላ ጉዳት እንዳልደረሰበት ትነግረዋለች። ፈንጣጣ ስላለ ወደ ከተማ ለመግባት ትፈራለች። ወዲያው ደግሞ ስለ ቨርጂኒያ ሰዎች ታነሣለች፤ መሰሎቻቸውን ነጻነት መንሣት የለመዱ ሰዎች የነጻነት ፍቅራቸው እኩል የበረታ ይሆን ወይ ስትል ትጠይቃለች። ሴቶቹን አስቡ የምትለውም እዚያው ነው። የቆሸሸው ቤት የግል፣ የባርነቱ ነገር የመንግሥት ብለሽ ልትከፍዪው አትችዪም፣ በአንድ ብዕር በአንድ ትንፋሽ የተጻፈ ነው። ስለዚህ «የጓዳና የአደባባይ» ብትዪው ደስ ይለኛል። በእኛ አፍ ጓዳና አደባባይ ተያይዘው ነው የሚነሡት፤ የጓዳው ነው አደባባይ የሚወጣው።

«አስታውስ» ላይ ግን አልስማማም። አስታውስ የተረሳ ነገር ወደ ልብ መመለስ ነው። አቢጌል የምትለምነው ሥልጣን ይዘው አዲስ ሕግ ሊያወጡ የተነሡ ሰዎችን ነው፣ ለዚህ አማርኛ የታወቀ ግሥ አለው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ «በመንግሥትህ በመጣህ ጊዜ አስበኝ» ያለው ግሥ ነው። መንግሥት ሲመጣ የሚባለው «አስበኝ» ነው። በተረፈ እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ያልፋል፣ አማርኛ ግን ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለብዙ ብሎ ይይዝሻል። ደብዳቤው ለጆን ብቻ ነው፤ ልመናው ግን ጆን አባል ለሆነበት፣ ፊላዴልፊያ ለተሰበሰበው የቅኝ ግዛቶቹ ጉባኤ፣ ለኮንግረሱ ሰው ሁሉ ነው፤ ዝቅ ብላ «ከእናንተ መካከል ደስ ብሏቸው መኖር የሚሹት» የሚል ሐሳብ ታመጣለችና ጥርጥር የለውም። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ «አንተ» እያልሽ መጥተሽ እዚህ ላይ ወደ «እናንተ» ተሻገሪ፦

«ሴቶቹን አስቧቸው፤ ከአባቶቻችሁ ይልቅ ለእነሱ ለጋሶችና ደጎች ሁኑ። ለባሎች እንዲያ ያለ ወሰን የሌለው ሥልጣን አታስጨብጧቸው። ወንድ ሁሉ ከቻለ ጨቋኝ ከመሆን እንደማይመለስ አትርሱ።»

እንግሊዝኛው «ሪመምበር»ን ሁለት ጊዜ ይደግመዋል። እኔ መጀመሪያውን «አስቧቸው»፣ ሁለተኛውን «አትርሱ» አደረግሁት፤ አንደኛው ልመና፣ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ስለሆነ።

አሁን ወደ «ፍሬንድ» ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። እዚያው ደብዳቤ ላይ አቢጌል ባሎች «ጌታ» የሚለውን ሻካራ ስም በፈቃዳቸው ትተው «ወዳጅ» የሚለውን የለሰለሰ ስም እንዲይዙ ትጠይቃለች። የደብዳቤዎቻቸው መክፈቻ የሆነው «ፍሬንድ» ነው እዚህ ተመልሶ የመጣው። ባሏ በደብዳቤ የሚሰጣትን ስም ሕጉም ይስጠን እያለች ነው። የደብዳቤዎቹ መክፈቻ ላይ «ጓደኛዬ»፣ እዚህ ላይ «ወዳጅ» ካልሽ ይህ ክር ይበጠሳል። አንዱን መርጠሽ ሁለቱም ቦታ እሱኑ አድርጊ። እኔ «ወዳጅ» እመርጣለሁ፦ «ከሁሉ ለምትበልጠው ወዳጄ»። «ጌታ» ደግሞ ለእኛ ጆሮ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ነው የሚሰማው። ባሏን «ጌታዬ» ብላ የምትጠራ ሴት ሁላችንም ሰምተናል፤ ለአማርኛ አንባቢ ይህ ዓረፍተ ነገር የሩቅ አገር ነገር አይሆንበትም።

ሌላ አባል

«መዛግብት» ላይ እስማማለሁ። «ጓዳ» ግን ይቆጠቁጠኛል። አቢጌል ባሏ በሌለበት ዓመታት ሁሉ እርሻውን ያስተዳደረች፣ ሠራተኛ የቀጠረች፣ ስለ ጦርነቱ ከማንም ቀድማ ወሬ የምትልክ ሴት ናት። «ጓዳ» ስንል ወደ ምጣድና ወደ ሞሰብ የመለስናት አይመስልም? «የእልፍኝና የአደባባይ» ቢሆንስ?

መልስ

ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ነገር ግን እልፍኝ የመኳንንት ግቢ ነው፤ ባለ እልፍኝ አስከልካይ ነው። ጆን አዳምስ የገበሬ ልጅ ነው፣ ቤታቸውም የገበሬ ቤት ነው። ምጣድ ያለበት ማድ ቤት ነው፤ ጓዳ እኮ የቤቱ ሀብትና ምስጢር የሚቀመጥበት ነው፤ ቁልፉን የያዘች ሴት ቤቱን ይዛለች። በ1775 አቢጌል ከፊላዴልፊያ መርፌ ቁልፍ ግዛልኝ ብላ የላከችውን ደብዳቤ አስበው። ዕቃ ከእንግሊዝ መምጣቱ ቀርቶ ዋጋው ጣራ ነክቷል። የጦርነቱ ኢኮኖሚ ምን እንደሚመስል ከዚያች መርፌ ቁልፍ የበለጠ የሚነግር የኮንግረስ ቃለ ጉባኤ አላውቅም።

ጓዳ አደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ ጆን ራሱ ቀምሶታል። በ1775 ክረምት ለሚስቱና ለወዳጁ ለጀምስ ዋረን የጻፋቸው ደብዳቤዎች መንገድ ላይ እንግሊዞች እጅ ወድቀው ጋዜጣ ላይ ታተሙ። በአንዱ ውስጥ የኮንግረስ ባልደረባውን ጆን ዲኪንሰንን ስሙን ሳይጠራ «ሀብቱ ትልቅ፣ አእምሮው ትንሽ» ዓይነት ነገር ብሎት ነበር። በመስከረም ሁለቱ ፊላዴልፊያ መንገድ ላይ ተገናኙ። አዳምስ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣ፤ ዲኪንሰን ባርኔጣውን ሳይነካ ጥሎት አለፈ። ይህን የምናውቀው አዳምስ ያን ዕለት በማስታወሻው ስለጻፈው ነው። የጓዳ ደብዳቤ አደባባይ ወጣ፣ የአደባባዩ ውርደት ተመልሶ ጓዳ ገባ። ለዚህ ነው በሁለቱ ቃላት የጸናሁት።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። «ወዳጅ»ን ሁለቱም ቦታ አስገብቼ ሳነበው ደብዳቤው ነፍስ ዘራ። ሦስት ነገር ቀረኝ። አቢጌል ባሏን በ«አንተ» ታናግረው ወይስ በ«እርስዎ»? ዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል፣ ዘመኑም የድሮ ነው። ሁለተኛ፣ ጆን በ1776 ነጭ መጽሐፍ ገዝቶ የሚልከውን ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ላይ መገልበጥ ጀመረ፤ «ሌተርቡክ» ይሉታል። ሦስተኛ፣ ጆን ክዊንሲ በ12 ዓመቱ ጀምሮ እስኪሞት የጻፈው «ዳያሪ»፣ 51 ቅጽ የሆነው፣ «የዕለት ማስታወሻ» ይባል?

ሌላ አባል

በ«አንተ»። «እርስዎ» ካልሽ እምቢ ያለችውን «ጌታ» በጓሮ በር አስገባሽው።

«ሌተርቡክ» ለመሥሪያ ቤት ሰው አያስቸግርም። መዝገብ ቤት ውስጥ የወጪ ደብዳቤ መዝገብ አለ፣ እሱ ግን ቁጥርና ቀን ብቻ ነው የሚይዘው። አዳምስ ሙሉ ቃሉን ነው የሚገለብጠው፤ ስለዚህ «የግልባጭ መዝገብ» በዪው። ለዳያሪው «የውሎ መዝገብ» ይሻላል ባይ ነኝ። «ማስታወሻ» ጥቂት መስመር ይመስላል፤ ይህ ሰውዬ ግን ከ14,000 ገጽ በላይ ነው የጻፈው፤ ከማን ጋር ዋለ፣ ምን ተባለ፣ ምን አሰበ፣ ሁሉም አለበት።

ስለ ግልባጭ ካነሣን፣ አቢጌል ደብዳቤዎቿን እንዲያቃጥላቸው ለምናው ጆን የመለሰላትን አትዝለዪው። «ደብዳቤዎችሽን አቃጥል ትዪኛለሽ፤ መጀመሪያ ግን አንቺን መርሳት አለብኝ» አላት። ለዋናው የቀረበ ስለሆነ «ልረሳሽ» ምናምን እያልሽ አታስጊጪው።

ሌላ አባል

እኔ ደግሞ የጆንን መልስ ልጨምር። አፕሪል 14 ቀን 1776 «ያንቺን ልዩ የሕግ መጽሐፍ ሳይ ከመሳቅ በቀር ምን አደርጋለሁ» ብሎ ጻፈላት። ወንዶች ያላቸው የጌትነት ስም ብቻ እንደሆነ፣ እሱንም ቢተዉ በቀሚስ አገዛዝ ሥር እንደሚወድቁ ይነግራታል። እዚህም «ጌቶች» ማለት ግድ ነው፣ የእሷን ቃል አንሥቶ ነው የሚመልሰው። ሳቁ ያናድደኛል፣ እሷንም አላስደሰታትም፤ በሜይ 7 ደብዳቤዋ ለሴቶች ለጋስ ነህ ለማለት እንደማትችል ገልጻለታለች። ጽሑፍሽ የጆንን ሳቅ ካመጣ ይህን መልሷንም ያምጣ።

ጠያቂዋ

አመጣዋለሁ። አንድ የመጨረሻ፦ ሳይጋቡ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1762፣ ጆን «ሚስ አዶረብል» (ተወዳጇ ወይዘሪት እንደማለት) ብሎ የጻፈላት አጭር ደብዳቤ። ጠበቃ ስለሆነ መሳምን እንደ ሒሳብ ሰነድ አድርጎ ያዛል። እንዲህ ሞከርኩት፦ «የዚህ ደብዳቤ አምጪ የጠየቀውን ያህል መሳም፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም የጠየቀውን ያህል ሰዓት አብረሽው እንድትቆዪ አዝዣለሁ፤ ይህም በእኔ ስም ይያዝ።»

መልስ

«የደብዳቤው አምጪ» ግሩም ነው፣ የመሥሪያ ቤቱን ቃና ይዞታል። መጀመሪያው ላይ ግን ግሥ ጎድሏል፤ «የጠየቀውን ያህል መሳም እንድትሰጪው፣ ... አብረሽውም እንድትቆዪ» በዪው። መጨረሻውን ደግሞ «በእኔ ሒሳብ ይመዝገብ» አድርጊው፤ «በእኔ ስም» ካልሽ ሌላ ሰው የተሳመ ይመስላል።