የቆሰለ ጎረቤታችንን እንዴት እናግዝ?

እባካችሁ ምክር ስጡኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ነው። አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ፖሊስ ነው። ከሁለት ወር በፊት ተረኛ ሆኖ ሳለ እግሩን በጥይት ተመታ። አሁን ቤት ተኝቷል። ሚስቱ ጉልት ትቸረችር ነበር፤ እሱን ለማስታመም ብላ ተወችው። ሦስት ልጆች አሏቸው።

የሰፈሩ ሴቶች ቡናና ዳቦ ይዘን እንመላለሳለን። ግን ይኼ የቤት ኪራይ አይከፍልም። እድራችንን ስንጠይቅ ደንቡ ለሞት ብቻ ነው አሉን። ለሞተ ድንኳን እየተከልን፣ በሕይወት ያለው ሲቸገር ዝም ማለታችን አንጀቴን ይበላዋል። ሕመምንም እንዲያካትት የእድር ደንብ ያሻሻላችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።

ሌላው ፍርሃት ነው። አንዳንዶች «እናዋጣለን፣ ስማችን ግን አይጻፍ» ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ ጊዜው ከባድ ነው። ስም ሳይዘረዘር መዋጮውን በአደራ መያዝ እንዴት ይቻላል? ሐሜት እንዳይነሳም እፈራለሁ።

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ፖሊሶችንም ይመለከታል። ሚስቱ ግን ከየት እንደምትጀምር ግራ ገብቷታል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ወረቀቱን ያስጨረሳችሁ፣ መጀመሪያ የትኛውን ማስረጃ እንደያዛችሁ ጻፉልኝ። አብሬያት እሄዳለሁ።