ሁለት ሳብዉፈር፣ አንድ አምፕ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ይሠራል፣ ሸዋሮቢት ስደርስ ይጠፋል

የጠባሴው ሾፌር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት የምትሠራ ሚኒባስ አለችኝ። ቅዳሜና እሁድ የሰርግ ኮንትራት ከተገኘም እወጣለሁ። ለሰርጉ ብዬ ባለ 12 ኢንች ሁለት ሳብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) እና አንድ ሞኖ አምፕ (ባለ አንድ መውጫ የድምፅ ማጉያ) ገዛሁ። ሳጥኑን ከኋላ ወንበር ጀርባ አስቀመጥኩት። ባትሪው ከፊት ወንበር ስር ስለሆነ ገመዱ መኪናውን ሙሉ አቋርጦ ነው የሚሄደው።

ችግሩ ይሄ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከደብረ ብርሃን ስነሳ ቤዙ ደረት ይመታል። ጣርማበርን አልፌ ደብረ ሲና እስክወርድ ምንም የለም። ሸዋሮቢት ስቃረብ አምፑ ላይ ቀይ መብራት ይበራና ቤዙ ድርግም ይላል። አሥር ደቂቃ ካረፈ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ይጠፋል። ማታ ስመለስ ደግሞ ድምፁን ከፍ ካደረግኩ፣ ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቴ ይደክማል።

የገጠመልኝ ልጅ «ሙቀቱ ነው፣ ፋን አስገባለት» አለኝ። ሌላ ሰው ደግሞ አምፑ ስላነሰ ነው፣ ትልቅ ግዛ ይለኛል። ሌላ ብር ከማውጣቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።

አምፑ ላይ የተጻፈው፦ በ4 ኦም 300 ዋት፣ በ2 ኦም 500 ዋት፣ ከ2 ኦም በታች አይቻልም። የሳብዉፈሮቹ ካርቶን ላይ 1,200 ዋት ይላል። ጀርባቸው ላይ ግን በትንሽ ጽሑፍ 300 ዋት አርኤምኤስ፣ ድርብ ኮይል፣ 4 ኦም ይላል። እያንዳንዱ አራት የገመድ ማሰሪያ አለው። ልጁ ሁሉንም ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ነው ያሰረው። ጥር ሳይገባ ማስተካከል እፈልጋለሁ። እባካችሁ።

ሰላድንጋይ፦

ጌይኑን (አምፑ ላይ ያለውን የማጉያ ማስተካከያ) ቀንሰው፣ ይተውሃል። የኔም እንደዚህ ያደርግ ነበር።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦

ወንድሜ፣ ፋንም አታስገባ፣ አምፕም አትግዛ። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ «ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር» ያልከው ጋ ነው ያለው።

ድርብ ኮይል ሲባል አንዱ ሳብዉፈር ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 4 ኦም ናቸው፤ ኦም ማለት ሽቦው ከረንቱን የሚያግድበት መጠን ነው። ሁለት ሳብዉፈር ስላለህ በጠቅላላ አራት ኮይል አለህ። ልጁ አራቱንም በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን ሲያስራቸው 4 ኦም ለአራት ተካፈለ። አምፑ የሚያየው 1 ኦም ብቻ ነው። ከ2 በታች አልችልም ብሎ ተጽፎበታል እኮ! ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፑ የሚለቀው ከረንት ይበዛል። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ቀዩ መብራት የሚነግርህ ይህንን ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራው ደህና ሆኖ እንዳይመስልህ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጠዋቱ ውርጭ አምፑን ሲያቀዘቅዝልህ ነው የሚያረፍደው። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ያ ብርድ እዚያ የለም። ሙቀቱ ጥፋቱን አጋለጠው እንጂ አላመጣውም። ፋን ብታስገባ ምናልባት አንድ ሁለት ዘፈን ይጨምርልህ ይሆናል። የተጫነበት ሸክም ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ለካ። የሳብዉፈሩን ገመድ ከአምፑ ንቀልና ሁለቱን ጫፎች በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ያዛቸው። ቴስተር ከተጻፈው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ አንድ ባለ 4 ኦም ኮይል 3.5 አካባቢ ካሳየ ጤነኛ ነው። አንተ ጋ አሁን 1 አካባቢ ይመጣል።

ከዚያ እንዲህ እሰረው። አንዱ ሳብዉፈር ላይ የአንደኛውን ኮይል ጥቁር ከሁለተኛው ኮይል ቀይ ጋር በአጭር ገመድ አገናኝ። አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ይቀሩሃል። 4 እና 4 ተደምሮ ያ ሳብዉፈር 8 ኦም ሆነ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አድርግ። አሁን የሁለቱን ቀይ አንድ ላይ፣ የሁለቱን ጥቁር አንድ ላይ ወደ አምፑ ውሰድ። ሁለት 8 በፓራለል 4 ኦም ነው። ቀይና ጥቁሩን ግን በጣም ተጠንቀቅ። አንዱ ሳብዉፈር ከተገለበጠ አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያኔ ሁለቱም እየሠሩ ቤዙ ባዶ ይሆንብሃል።

«2 ኦም አድርጌ 500ውን ዋት ልውሰድ» ልትል ትችላለህ። በእነዚህ አይመጣም። ሁለት ባለ ድርብ 4 ኦም፣ እኩል ኃይል እየተካፈሉ ሊሰጡህ የሚችሉት ወይ 1፣ ወይ 4፣ ወይ 16 ነው። ባለ ድርብ 2 ኦም ወይም ባለ ነጠላ ኮይል 4 ኦም ቢሆኑ ኖሮ 2 ላይ ታመጣቸው ነበር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሰው ሱቅ ገብቶ ዋት ይጠይቃል፤ ኦም የሚጠይቅ የለም። 1,200 የሚለውን የካርቶን ቁጥር እርሳው። ለሽያጭ የተጻፈ የቅጽበት ጣሪያ ነው። ሳብዉፈሩ ሳይቃጠል ረጅም ሰዓት የሚችለው አርኤምኤሱን ነው።

ከ500 ወደ 300 ወረድኩ ብለህም አትዘን። በጆሮ ሲለካ ልዩነቱ ወደ 2 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ በቅጡ አትለየውም። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስልህ ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ሁለት ሳብዉፈር አብረው 300 ዋት ሲካፈሉ፣ አንዱ ብቻውን 500 ከሚወስድ አያንሱም፤ የሚገፉት አየር ይበዛላ። እያንዳንዱ 150 ስለሚደርሰው ደግሞ በቀላሉ አይቃጠሉብህም።

አሁን ወደ ጌይን። ከላይ ቀንሰው ያለው ወንድማችን ግማሹን ብሏል። ጌይን ሲቀንስ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። 1 ኦሙ ግን እዚያው ይቀመጣል። ረዳትህ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ ያደረገ ዕለት ተመልሰህ እዚያው ነህ። መጀመሪያ ኦሙን አስተካክል፣ ጌይኑን ከዚያ። ስታስተካክል የሳብዉፈሩን ገመድ ንቀል። ስልክህ ላይ የ50 ኸርዝ የሙከራ ድምፅ አውርድና የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርገህ አጫውት። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የአምፑን መውጫ ለካ። 300 ዋት በ4 ኦም ማለት 34.6 ቮልት ነው፤ ዋቱን በኦሙ አባዝተህ ስኩዌር ሩቱን ስታወጣ የሚመጣው ነው። ጌይኑን ቀስ እያልክ 34 ላይ አቁም። ከዚያ በላይ ብትገፋው ድምፁ አይጨምርም፣ ይቆራረጣል። ሳብዉፈር ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው በዚህ በተቆራረጠ ድምፅ ነው።

አሁን የምለምንህን አንድ ነገር ስማኝ። ስለ ፊውዝ አንድም ቃል አልጻፍክም።

የዛሬ ስንት ዓመት ከደብረ ሲና በሚኒባስ እየወጣሁ ነበር። ተሳፋሪ ሆኜ ነው። የጣርማበር ዳገት ላይ ከወለሉ ጭስ ወጣ። የአምፑ ገመድ ከወንበር እግር ስር እየተፋተገ ላስቲኩ አልቆ ብረቱን ነክቷል። ባትሪው ጋ ፊውዝ የለም። ገመዱ እንደ ምድጃ ሽቦ ቀላ። ከጎኔ የነበረች እናት ልጇን በመስኮት አቀበለችን። ሾፌሩ የባትሪውን ገመድ በፒንሳ ነቅሎ ነው የዳንነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊውዝ የሌለው መኪና ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። ፊውዙ አምፑ ላይ ያለው አይደለም፤ እሱ የሚጠብቀው አምፑን ነው። ያንተ ከባትሪው 45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። ላንተ አምፕ የ50 አምፔር ይበቃል።

ገመዱንም እይ። ጫፉን በምላጭ ፋቀው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ የሚያስተላልፈው የንጹሕ መዳቡን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄደህ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ባለ ብዙ ክር የመዳብ ገመድ በሜትር አስቆርጥ። የኔጋቲቩ ገመድ እኩል ውፍረት ይኑረው፣ ከግማሽ ሜትርም አይርዘም። ቦዲው ላይ የምታስርበትን ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀህ ብረቱን አውጣው። በቀለም ላይ የታሰረ ቡሎን ይዟል አይባልም።

መብራትህ የሚደክመው ከገመዱ ይሁን ከዲናሞው በቴስተር ይለያል። ሞተር አስነስተህ ቤዙ እየመታ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ አምፑ ላይ ለካ። ባትሪው 14 አካባቢ ሆኖ አምፑ ላይ 12 ከሆነ ገመዱ ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ዲናሞው አልቻለም።

ኢሱዙ፣ ከሸዋሮቢት፦

ጋሼ፣ እኔንም ይርዱኝ። ሽንኩርትና ማሾ ወደ አዲስ አበባ የማወርድበት ኤንፒአር የጭነት መኪና ነው፤ 24 ቮልት። አምፑ 12 ስለሆነ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ላይ ወስደው ገጠሙልኝ። በአንድ ዓመት ሁለት ባትሪ ቀየርኩ። ከዚህ ጋር ይያያዛል?

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦

በደንብ ይያያዛል። ሁለቱ ባትሪዎች በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ተቀጥሎ) ስለሆኑ ዲናሞው የሚሞላቸው እንደ አንድ ነው። አንተ ከአንዱ ብቻ ስትቀዳ እሱ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ እየተሞላ ውኃው ይደርቃል። ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ግጠም፤ የሚሸከመው አምፔር አምፕህ ከሚስበው ይብለጥ። እስክታገኝ ግን አምፑን ከባትሪው ንቀለው።

የጠባሴው ሾፌር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ስለካው 1.1 ነበር፤ አሁን 3.6 ነው። ጌይኑን 34 ላይ አቁሜዋለሁ። ገመዱን ፋቄ አየሁት፣ ነጭ ነው። ፊውዝም አልነበረም። ወንበሩን ሳነሳ ገመዱ ብረቱን ታክኮ ተኝቷል፤ ላስቲኩ ግማሹ ተበልቷል። እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚያ መኪና ሁለቱን ልጆቼን ስንት ጊዜ ጭኛቸዋለሁ። አዲሱን ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፌ፣ ፊውዙን ከባትሪው አንድ ስንዝር ላይ አስሬዋለሁ።

ሰኞና ማክሰኞ ሸዋሮቢት ደርሼ ተመለስኩ። 8 ሰዓት ላይ፣ በዚያ ፀሐይ አምፑን በእጄ ነካሁት፤ ሞቅ ብሏል እንጂ እጅ አያስለቅቅም። አንዴም አልጠፋም። መብራቱም ቀጥ ብሏል።

አሁን የቀረው የኋላው ታርጋ ነው። ቤዙ በመታ ቁጥር ይንጫጫል። ምን ላድርገው?

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦

ተመስገን። ገመዱን ስላየኸው በጣም ደስ ብሎኛል።

ታርጋውን ፍታና ከጀርባው ከአሮጌ ከመነዳሪ ላስቲክ ቆርጠህ አራቱም ማዕዘን ላይ ለጥፍ፣ ከዚያ መልሰህ እሰረው። ሰርግ ቤት ቆመህ ስታጫውት ደግሞ ሞተሩን አታጥፋ፤ አለዚያ ሙሽሮቹ ሲወጡ መኪናዋ አትነሳልህም።