ቦርሳ ያደለን የሕግ ቢሮ እናቴን ሊያስፈርማት ነው፤ ምን ልጠይቅ?

የአሌክሳንድሪያዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ለሳንባዋ ፕሬድኒዞን ትወስዳለች። የዛሬ ዓመት ጥቅምት ላይ የሽንት ኢንፌክሽን ያዛትና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። በስድስተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወጣ ከተረከዟ በላይ የሆነ ነገር ቋ አለ። "ማነው ድንጋይ የወረወረብኝ?" ብላ ዞረች። ማንም አልነበረም። የተበጠሰው ጅማቷ ነው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት እስከ ዛሬ በከዘራ ነው የምትሄደው። ስግደት የማይቀራት ሴት፣ አሁን ቁጭ ብላ ነው የምታስቀድሰው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ የሕግ ቢሮ ግቢያችን መጥቶ ለተማሪዎች ቦርሳና ደብተር አደለ። ለታንክስጊቪንግም ተርኪ ይዘው መጡ። አብሮ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ "በመድኃኒት ተጎድተዋል? ካላሸነፍን አይከፍሉም" ይላል። እናቴ ደወለችላቸው፣ ውል ላኩላት። ቆይ ላንብበው ስላት ተቆጣችኝ። "የልጅ ልጆቼን ቦርሳ ያስያዘ ሰው ይጠረጠራል? ይሉኝታ የለሽም?" አለችኝ። ሰዎቹ ቅን ይመስሉኛል። ልጆቹን ስማቸውን እየጠየቁ፣ ቀለም እያስመረጡ ነው የሰጧቸው። ግን ጨንቆኛል።

ፋርማሲ የምሠራ
እግዜር ይማርልሽ። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው) በዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ላይ የጅማት መበጠስን ማስጠንቀቂያ በጥቁር ሳጥን፣ ማለትም በጠንካራው የማስጠንቀቂያ ዓይነት፣ እንዲታተም ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው፣ እንደ ፕሬድኒዞን ያለ ስቴሮይድም የሚወስድ ከሆነ፣ አደጋው ይጨምራል። እናትሽ ሁለቱም አለባት። ብልቃጡ ካለ እንዳትጥይው። ከሌለም ፋርማሲው የወሰደችውን ዝርዝር ያትምልሻል፤ የአምራቹን ስም ጠይቂ። የመድኃኒት ጉዳት ለሚመዘገብበት ለኤፍዲኤ ሜድዎችም ሪፖርት አድርጊ። ክስ ኖረም አልኖረም ይቻላል፣ ገንዘብ አይጠየቅም።

ጠበቃ ቢሮ የሠራሁ
የአምራቹ ስም የምር ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕሊቫና በሜንሲንግ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ጄኔሪክ አምራች፣ ማለትም የዋናውን መድኃኒት ቅጂ የሚሠራ ኩባንያ፣ የዋናውን ማስጠንቀቂያ እንዳለ መገልበጥ ግዴታው ስለሆነ፣ "በደንብ አላስጠነቀቀኝም" ብሎ እሱን መክሰስ አይቻልም። የእናትሽ ከባየር የመጣው ዋናው ሲፕሮ ነው ወይስ ጄኔሪክ? ደግሞ ማስጠንቀቂያው ከ2008 ጀምሮ አለ። ስለዚህ የእናንተ ጥያቄ ወደ ሐኪሙ ሊዞር ይችላል፤ ፕሬድኒዞን እንደምትወስድ እያወቀ ነው ወይ ያዘዘላት? ያ የሕክምና ስህተት ክስ ነው፣ ሥራው ሌላ ነው። የመድኃኒት ክስ የሚይዝ ቢሮ ሁሉ እሱን አይሠራም። "ትሠራላችሁ? ወይስ ለሌላ ታስተላልፉናላችሁ?" በያቸው።

ጊዜውን አትርሺ። ቨርጂኒያ በመደበኛው 2 ዓመት ነው የምትሰጠው። ከጥቅምት ቁጠሪ።

ክፍያቸው ብዙ ጊዜ ከ33 እስከ 40 በመቶ ነው። ወጪው ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚሰላው? ከተሸነፋችሁስ የባለሙያ ምስክሩንና የፋይሉን ወጪ ማን ይሸፍናል? "አይከፍሉም" የሚለው ቃል አንዳንዴ የጠበቃውን ድካም ብቻ ነው የሚያወራው። ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ካላት ደግሞ ለቀዶ ሕክምናው ያወጣውን ከካሳው ላይ መልሶ ይጠይቃል።

እማማ ዘውዲቱ ሠፈር
እህቴ፣ እናትሽን አትቆጪያት። ካርድ ይጻፍላቸው፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ ትውሰድላቸው፤ ደስ ይላታል። ምስጋናዋን ያኔ ታድርስ። ውሉ ግን አንቺ ጋ ይቆይ።

የአሌክሳንድሪያዋ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ፋርማሲው አትሞ ሰጠኝ፤ ጄኔሪክ ነው። ቢሮው ደወልኩ፣ ስለ ሐኪሙም ጠየቅኳቸው። ልጅቷ ሳትቸኩል አዳመጠችኝ፤ ማክሰኞ ጠበቃው ራሱ ይደውልልሻል አለች። ውሉ ሳይፈረም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እናቴ ሊጥ እያቦካች ነው።