አራተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ ደልዞ ማድረቅ ይቻላል ወይ?

አራተኛ ፎቅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የዘንድሮን ነው፤ ግን ከአምናው ካልጀመርኩ አይገባችሁም።

አምና ጥቅምት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓመት በርበሬዬን ራሴ ላዘጋጅ ተነሣሁ። እስከዚያ ድረስ እናቴ ነበረች ከደብረ ማርቆስ የምትልክልኝ። አሁን ጉልበቷ ደክሟል፤ ድለዛው ቀርቶ ተቀምጣ ዛላ መቀንጠሱ እንኳ ወገቧን ያማታል። ደውዬ «ነጭ ሽንኩርቱ ስንት ይሁን?» ስላት «እንደ ዓይንሽ» ትለኛለች። ዝንጅብሉስ? «እሱም እንደዚያው።» የኔ ዓይን የሚያውቀው ወጡን ነው እንጂ ድለዛውን መቼ አየና!

ብቻ 5 ኪሎ ዛላ ገዛሁ። ቀነጠስኩ፣ አጠብኩ፣ ኮሙናሉ ውስጥ ከጎረቤት በተዋስኩት ሙቀጫ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ደለዝኩ። ኮሪደሩ ሙሉ ሲያነጥስ ዋለ፤ አንደኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። ከዚያ ቅመሙ ይዋሐደው ብዬ በላስቲክ ቋጥሬ ሦስት ቀን አፈንኩት። በአራተኛው ቀን ልሰጣ ስል ሰማዩ ጠቆረ። መስቀል አልፎ፣ ጥቅምት ገብቶ ዝናብ! በረንዳዬ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፤ በዚህ ወቅት ፀሐይ የሚባል ነገር አይደርስበትም። በሰባተኛው ቀን ስከፍተው ነጭ ፀጉር አብቅሏል።

ከላይ ያለውን ጠርጌ ከሥር ደህና የመሰለኝን አድርቄ በማሰሮ አስቀምጬዋለሁ፤ እስካሁን አልነካሁትም። ዘንድሮ ደግሜ ልሞክር ነው። አሁን ልግዛ ወይስ ኅዳርን ልጠብቅ? ፀሐይ የሌለው ቤትስ እንዴት አድርጎ ያደርቃል? «ተፈጭቶ የተዘጋጀ ግዢ» ልትሉኝ ያሰባችሁ አትድከሙ፤ እሱንማ ዓመቱን ሙሉ ስገዛ ከርሜ ነው እዚህ የደረስኩት።

የቡሬ ልጅ፦

እህቴ፣ ጥፋቱ ድለዛሽ ላይ ብቻ አይመስለኝም። ዛላው ራሱ እርጥብ ነበር ወይ? እኛ ቤት በርበሬ ሲለቀም ቀይ ሆኖ ነው፤ ግን ቀላ ማለት ደረቀ ማለት አይደለም። መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ ብዙ ፀሐይ ይጠጣል። ቀድሞ ገበያ የሚወጣው አንዳንዴ ይህን ሳይጨርስ ነው የሚጫነው፤ ኪሎ እንዲያነሣ ውሃ የሚረጭበትም አይጠፋም።

ስትገዢ አንዱን ዛላ ጆሮሽ ጋ አስጠግተሽ ነቅንቂው፤ ፍሬው ውስጡ መንኮሻኮሽ አለበት። ከዚያ ጭብጥ አድርጊው። እንደ ቆዳ ከታጠፈ ተይው፣ ከተሰባበረ ግዢው። አንዱን ደግሞ ሰንጥቀሽ ውስጡን እዪ፤ ከውጭ ቀይ ሆኖ ውስጡ የጠቆረ ወይ አቧራ የመሰለ ነገር ያለው ከሆነ ማረቆም ይምጣ አላባ ወይም ቡሬ፣ ጥለሽው ሂጂ። እኔ ብሆን እስከ ኅዳር አጋማሽ እታገሣለሁ።

ማሰሮ ውስጥ ያስቀመጥሽውን ግን ዛሬውኑ ድፊው። በርበሬ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊተው ይችላል፤ ጉበት ነው የሚጎዳው። ፀጉሩን ብትጠርጊውም መርዙ ይቀራል፤ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም አይጠፋም።

የሦስት ልጆች እናት፦

ልጄ፣ እናትሽ ልክ ናቸው፤ እንደ ዓይን ነው። ግን ዓይን እስኪለምድ የኔን ያዢ፦ ለ5 ኪሎ ዛላ 1 ኪሎ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል። በሶብላውን አታብዢው፤ ጤና አዳሙንማ ለሽታው ያህል ብቻ፣ ከበዛ ይመራል።

ስሕተትሽ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ካጠብሽው በኋላ ውሃው ሳይመጥ ነው የደለዝሽው። ታጥቦ አንድ ቀን ጠፈፍ ማለት አለበት። ሁለተኛው ላስቲኩ ነው። እኛ ስናፍን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ነው፤ ጠዋት ማታ እጃችንን ታጥበን እናገላብጠዋለን። ላስቲክ ያልበዋል፣ ላቡ ተመልሶ ይንጠባጠብበታል። ጨውም ድለዛው ላይ ጣል አድርጊበት፤ እንዳይሻግት የሚይዘው እሱ ነው። ኮረሪማውን፣ ነጭና ጥቁር አዝሙዱን ግን በርበሬው ደርቆ ወፍጮ ቤት ሊሄድ ሲል አመስ አመስ አድርገሽ ጨምሪ።

ለመስጫው ከምድር ቤት ጎረቤት ጋር ተስማሚ። አንድ ጭልፋ በርበሬ የማያስታርቀው ሰው የለም፤ አንደኛ ፎቅ ያሉትንም ጭምር። ያ ጥላ በረንዳሽ ደግሞ ለቋንጣ ተፈጥሯል! በርበሬ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ቋንጣ ጥላና ነፋስ። ስብ የሌለውን ቀይ ሥጋ ቀጠን አድርገሽ ዘልዝለሽ፣ በጨውና በሚጥሚጣ አሽተሽ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ስቀይው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኘው ብርድ መቼ ሊጠቅምሽ ነው ታዲያ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። እዚህ ጥቅምት ማለት ቅጠል ሲረግፍ፣ ፀሐይ በጊዜ ስትሸሽ ነው፤ ስለዚህ ከድሮም የማደርቀው ምድጃ ውስጥ ነው። የተደለዘውን ትሪ ላይ ስስ አድርጌ ዘርግቼ፣ ኦቨኑን ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳላሳልፍ፣ እርጥበቱ እንዲወጣ በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጌ፣ በየሰዓቱ አገላብጣለሁ። ከ80 ካለፈ ቀለሙ ቡናማ ይሆናል፣ ነጭ ሽንኩርቱም ያራል። የመጀመሪያ ጊዜ የጭስ ማንቂያው ጮኾ ሕንፃው በሙሉ ደረጃ ላይ ወጥቷል፤ አንቺ በአንድ ሴትዮ ኩርፊያ ተገላግለሻል።

እትዬ፣ በጨው ነገር ግን አልስማማም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጨው ሻጋታን መከላከሉ እውነት ነው፤ ግን እርጥበት ይስባል። ጨው የገባበት ድልዝ ፀሐይ በሌለበት አልደርቅም ብሎ ያስቸግራል። እኔ መጨረሻ ላይ፣ ስፈጭ ነው የምጨምረው።

የሦስት ልጆች እናት፦

አንቺ ኦቨን ስላለሽ ነው ልጄ። ሦስት ቀን ታፍኖ ለሚከርም ድልዝ ያለ ጨው አላምነውም።

አራተኛ ፎቅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሰሮውን ዛሬ ጠዋት ደፋሁት፤ ሆዴ እየተቃጠለ።

ቅዳሜ ገበያ ሄጄ እንደተባልኩት ዛላውን ጆሮዬ ላይ ስነቀንቅ ነጋዴው «እህት፣ ስልክ ነው እንዴ?» አለኝ። አራት ቦታ ዞርኩ፤ ሁሉም ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ስለዚህ ኅዳር ሚካኤል እስኪያልፍ ልጠብቅ ወስኛለሁ። እስከዚያው 2 ኪሎ ሥጋ ዘልዝዬ በረንዳዬ ላይ ሰቅያለሁ፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ጫፍ ጫፉ መድረቅ ጀምሯል። ነቢያት ሳይገባ ፍርፍር እንበላበታለን።

የምድር ቤቷ ልጅ ግቢዋ ላይ እንዳሰጣ ፈቅዳልኛለች። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ወፍጮ ቤት የነገሩኝ ነው፦ በርበሬ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ስለሆነ ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ ከከተታችሁት ክዳኑ ሥር ውሃ ያዝላል። እቤት እንደገባ ሰፌድ ላይ ዘርግቶ ማብረድ ነው።

የጨውን ክርክር እናቴ ትዳኘው ብዬ ማታ ደወልኩ። ስትደልዝ ነው፣ አለችኝ፤ እንደ ዓይንሽ ትለኛለች ስል «አንድ ጣሳ አይሞላም፣ ከአፉ ጎደል ይበል» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነገረችኝ! የቱ ጣሳ? ስላት «ያ ጆሮው የተሰበረው ነዋ» አለች። እሱ ጣሳ ከተጣለ አሥር ዓመቱ ነው።