ደብረ ብርሃን ላይ ልጅ ማሳደግ፦ ከሜሪላንድ ለጠየቅሽን እህታችን

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ፣ «ደብረ ብርሃን ላይ ለልጆች የሚመች ጸጥ ያለ ሰፈር ይገኛል ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩት። እኔም አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሆኜ ዘመዶቼን ያደከምኩበት ጥያቄ ነው። አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ስኖር ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ። ረዘም ካለ ይቅርታ።

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረን ቤት መጨረሻው የተዘጋ መንገድ ላይ ነበር። ለልጆች ብለን ነው የገዛነው። እንደምታውቂው እዚያ ልጅሽ የምትማርበትን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚወስነው የቤትሽ አድራሻ ነው። ስለዚህ ቤት ስናይ ስንት መኝታ አለው ከማለታችን በፊት ትምህርት ቤቱ የቱ ነው እንል ነበር። የፈለግነውንም አገኘን። ሣሩ የታጨደ፣ መንገዱ ጭር ያለ፣ ፓርኩ በእግር አምስት ደቂቃ። ግን ልጄ ያንን አምስት ደቂቃ አንድም ቀን ብቻዋን ሄዳበት አታውቅም።

ሕጉን ታውቂዋለሽ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤትም ሆነ መኪና ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው ሰው አብሮት መሆን አለበት። በፈረንጆቹ 2015 ደግሞ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ብቻቸውን በእግራቸው ሲሄዱ ፖሊስ ይዟቸው፣ ወላጆቻቸው ሲጠየቁ ከርመዋል። ያኔ እኔ ገና አልወለድኩም ነበር። ወሬው ግን ውስጤ ቀረ። ልጅ ስወልድ በር የምቆልፍ እናት ሆንኩ።

ጎረቤቶቻችን ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ሰላም ይሉናል፣ በረዶ ሲጥል አካፋ ያውሱናል። ነገር ግን ልጄ ከልጃቸው ጋር እንድትጫወት ከሁለት ሳምንት በፊት ቀጠሮ መያዝ ነበረብኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከአጥር ማዶ ያለችውን ሴትዮ ልጅ አንድ ቀን እንኳ «ተው!» ብዬው አላውቅም። እሷም የእኔን እንደዚሁ።

አሁን እዚህ የሆነውን ስሚ። በመጣን በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ከግቢ ጠፋች። ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። እኔ ልብስ አሰጣለሁ፣ ዞር ስል የውጭው በር ገርበብ ብሏል። ክው አልኩ። ነጠላ ጫማዬ አንዱ ወልቆ በአንድ እግሬ ነው የሮጥኩት። ሦስት ቤት አልፌ አንዲት ጎረቤታችን ደጃቸው ላይ ገብስ ይቆላሉ። ልጄ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ቆሎ እፍኝ ሙሉ ይዛለች። «ወደ አስፋልቱ ስትወርድ አየኋትና ተቆጥቼ መለስኳት፤ አንቺ ደግሞ ጫማሽን አድርጊ» አሉኝ። ስማችንን እንኳ ገና አላወቁትም። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ልጄ የጠፋች መስሎኝ ስለደነገጥኩ ብቻ አይደለም። ልጄን የሚቆጣልኝ ሰው እንዳለኝ ያወቅኩት ያን ቀን ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ አዎ ነው፤ ይገኛል። ግን አንቺ «ጸጥ ያለ» ካልሽው ጋር አንድ አይደለም። ሰፈራችን ጸጥ አይልም። ማለዳ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ውሻው ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል፣ ልጆች በኮብሉ ላይ ጎማ ሲያንከባልሉ ይመሻል። ሸርተቴ የለም፣ ዥዋዥዌ የለም። ልጄ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳዋን ወርውራ ትወጣለች፤ ሲመሽ ከየትኛው ቤት እራት በልታ እንደምትመጣ አላውቅም።

እዚያ ትቼው የመጣሁትና ሁልጊዜ የሚናፍቀኝ አንድ ነገር አለ፦ ቢጫው የትምህርት ቤት ባስ። ቀዩን መብራት ሲያበራ በሁለቱም በኩል ያለው መኪና ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚሄደው። ሲኖትራኩ ለልጅ ብሎ ፍጥነት አይቀንስም። ከእኛ ሰፈር ትምህርት ቤት ለመድረስ ያንን መንገድ መሻገር ግድ ነው። መጀመሪያ የባጃጅ ኮንትራት ይዘን ነበር። አሁን አራት እናቶች ተራ ገብተን አሥራ አንድ ልጅ እያሻገርን ነው። ቤት ስትፈልጊ ከሁሉ በፊት ይህን አስቢበት፤ ትምህርት ቤቱና ቤቱ ከአስፋልቱ በአንድ ወገን ይሁኑ። የቤት ኪራይ ቢወደድም ይሻልሻል።

ብርዱን በተመለከተ ማንም የነገረሽን አትጠራጠሪ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቀሽ ሌላ አየር ነው የምትገቢው። የመጀመሪያውን ሳምንት ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ያጥራችኋል። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ አለ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ውጭ ያደረው ባልዲ ፊቱ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሮ አገኘን። ልጄ በሁለት እጇ አንስታ በእሱ ውስጥ ፀሐይዋን አየች። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይፋጃል፤ የትንሹ ልጄ ጉንጭ ተሰነጣጥቆ ክረምት እስኪገባ በቫዝሊን ነው የኖረው። ባቄላና ሽምብራም ቶሎ አይበስልም፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ፕሬዠር ኩከርሽን ትተሽ እንዳትመጪ።

ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። ሮቶ ያለው ግቢ ፈልጊ። ይኸው ነው።

ትምህርቱ ላይ ግን ልቆይ፤ እኔን ያስለቀሰኝ እሱ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት የግል ትምህርት ቤት ልጄ ፊደል ስለማትለይ «ኬጂ ትመለስ» አለን። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ለብቻዋ የምታነብ ልጅ ናት። ቤት መጥታ «እኔ ደደብ ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሌላ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ተቀበላት። ፊደሉን ያስቆጠራት ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በየማታው ደጃፍ ላይ ቁጭ አድርጎ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ይላታል። ብር ልሰጠው ብል እናቱ ተቀየሙኝ። ስድስተኛው ወር ላይ በባጃጅ ስንሄድ ድንገት ጮኻ አንድ ታፔላ አነበበች። «ጎ-ሚ-ስ-ታ!» ባለ ባጃጁ ዞሮ አጨበጨበላት። አንቺ ግን እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሚ፤ ፊደሉን እዚያው እያላችሁ ጀምሪላቸው። በዚያ ላይ የትንሹ ልጄ እንግሊዝኛ እየሸሸው ነው። ማታ ማታ መጽሐፍ እያነበብኩለት ነው፤ እንዲጠፋበት አልፈልግም።

ሕክምና ላይ ከጠበቅኩት ይሻላል። የሐኪም ግዛው ማስተማሪያ ሆስፒታል እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ለከበደ ነገር ግን አሁንም አዲስ አበባ መውረድ አለ።

ስለ ሰላሙ የጠየቅሽውን አልሸፋፍንብሽም። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን ያለው ግጭት የሰሜን ሸዋን ሰው ክፉኛ ጎድቷል። መንገድ ተዘግቶ አዲስ አበባ የያዝነው የሐኪም ቀጠሮ የቀረብን ጊዜ አለ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ከዚህ ገጽ የራቅኩትም ለዚያ ነው። ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው እዚህ የገቡ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። የልጄ የልብ ጓደኛ ከእነሱ አንዷ ናት። ቤታችን ስትመጣ ጫማዋን እንደ ሌሎቹ ልጆች በር ላይ አትተወውም። አውልቃ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት በዚያው ሳምንት እዚህ ያለ ሰው ደውለሽ ጠይቂ፤ ካለፈው ወር ወሬ ተነስተሽ አትወስኚ።

ከታች ስለ ልጆችህ ሰነድ ለጻፍከው ወንድሜ፦ ልጆቹ አሜሪካ ከተወለዱና ዜግነታቸው የዚያው ከሆነ ለእነሱም ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያስፈልጋቸዋል። አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ካርዱ ያለው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይኖራል፣ ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። እዚያው እያላችሁ በኤምባሲው በኩል ጨርሱት።

«አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አይሻላትም ወይ?» ላሉት ጋሼ ደግሞ፦ ይሻላት ይሆናል። ሥራዋ አዲስ አበባ ከሆነ እዚያው ትኑር፤ በየቀኑ ከዚህ መመላለስ የማይሞከር ነው። እኛ ሥራችን እዚሁ ስለሆነ ነው የቻልነው።

እህቴ፣ ለጥምቀት ልጆቹን ይዘሽ ለጉብኝት ብቻ ነይ እስቲ። ጥር ላይ ሌሊቱ አሁንም ይበርዳል፣ ወፍራም ጃኬት ያዢላቸው። ለመኝታ አታስቢ፤ ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ ሁለት ባና አለን፣ አንዱን እንለቅላችኋለን። ልጆችሽን ሰፈር ውስጥ ልቀቂያቸውና ሁለት ቀን እይ። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደውይ፤ ልጆቹን የምሰበስበው እስከዚያ ነው።