የሊዝ መኪና ሜንተናንስ ፓኬጅ ያዋጣል ወይ? (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ላላችሁ ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ቶዮታ ራቭፎር ሊዝ (በየወሩ እየከፈሉ ነድቶ መጨረሻ ላይ መመለስ) ላደርግ ነው፣ 36 ወር፣ በዓመት 12 ሺህ ማይል፣ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ዲለሩ (መኪና ሻጩ) ጋ ዋጋው ላይ ተስማምተን ካለቀ በኋላ ፋይናንስ የሚባለው ክፍል አስገቡኝና ሰውዬው ሜንተናንስ ፓኬጅ (ሰርቪሱን አስቀድሞ መግዛት) አለ 1,200 ዶላር ነው፣ ግን አንዴ አትከፍይም ወርሃዊው ውስጥ ይገባል፣ በቀን ሲታሰብ አንድ ዶላር ከምናምን ነው አለኝ። ደግሞ ሌላ ቦታ ዘይት ካስቀየርሽ ዋራንቲው (የፋብሪካው ዋስትና) ሊበላሽ ይችላል ብሎ አስፈራራኝ። ቅዳሜ ነው የምፈርመው። ልግዛው ወይስ ይቅር? ሐበሻ ጋራዥ ብወስደውስ ምን ይመጣል?

መልስ፦ እህቴ በአጭሩ፣ ቶዮታ ከሆነና ሊዙ 36 ወር ከሆነ ይቅርብሽ። ሰውዬው ቅዳሜ በሌላ በኩል ዞሮ ስለሚመጣ ግን ሂሳቡን አውቀሽ ብትሄጂ ይሻላል።

መጀመሪያ መኪናው ራሱ ይዞት የሚመጣውን እወቂ። አዲስ ቶዮታ ስትወስጂ፣ ግዢም ይሁን ሊዝ፣ ቶዮታኬር የሚባል ነፃ ሰርቪስ አብሮት አለ፣ 2 ዓመት ወይም 25 ሺህ ማይል፣ ቀድሞ የደረሰው። በየ6 ወሩ ወይም በየ5 ሺህ ማይሉ ትሄጃለሽ፣ ጎማ ያዟዙሩልሻል (የፊቱን ከኋላው ጋር ያቀያይራሉ)፣ ፈሳሾቹን ያያሉ፣ በዓመቱ ወይም በ10 ሺው ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ይቀይሩልሻል፣ ሳንቲም አትከፍይም። ስለዚህ የሊዝሽ ሁለት ሦስተኛው ያለ ምንም ፓኬጅ ተሸፍኗል። 1,200ው የሚሸጥልሽ በዋናነት ለሦስተኛው ዓመት ነው ማለት ነው።

በሦስተኛው ዓመት መኪናው ምን ይፈልጋል? ከ24 ሺህ እስከ 36 ሺህ ማይል ባለው ጊዜ 25 ሺህ ላይ ጎማ ማዟዟር፣ 30 ሺህ ላይ ዘይት ከነፊልትሮው፣ እዚያው ላይ የሞተር አየር ፊልትሮና የኤሲ ፊልትሮ፣ 35 ሺህ ላይ እንደገና ጎማ ማዟዟር። በቃ። ዘይቱ እዚህ አካባቢ ዲለር ጋ ሄደሽ እንኳ 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ ጎማ ማዟዟር 30 ምናምን፣ ሁለቱን ፊልትሮ ኦንላይን ገዝተሽ ራስሽ ከቀየርሽው 40 ወይም 50 ዶላር። የኤሲው ፊልትሮ ከጓንት ሳጥኑ (ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ) ጀርባ ነው ያለው፣ ሳጥኑን ከፍተሽ ጎንና ጎኑን ጫን አድርገሽ ስትስቢው ይወርዳል፣ አሮጌውን አውጥተሽ አዲሱን ቀስቱ በሚያሳየው አቅጣጫ ማስገባት ነው፣ መፍቻ አይፈልግም። ዲለር ጋ ለዚችው ነገር 80 ዶላር የሚጠይቁ አሉ። እንግዲህ ደምሪው፣ ከ300 አያልፍም።

አሁን ደግሞ 1,200ው እውነት 1,200 ነው ወይ የሚለውን እንይ። ወርሃዊው ውስጥ ሲገባ ለ36 ሲካፈል 33 ዶላር ከ33 ሳንቲም ነው፣ ግን በላዩ ላይ ወለድ አለው፣ ሊዝ ላይ ወለድ በፐርሰንት አይነግሩሽም መኒ ፋክተር ነው የሚሉት። እሱን ቁጥር በ2400 ስታባዢው ፐርሰንቱ ይመጣል፣ ለምሳሌ 0.0025 ካሉሽ 6 ፐርሰንት ነው። በዚህ ሂሳብ ፓኬጁ በወር 3 ዶላር ወለድ ይጨምራል፣ 36 ዶላር ከ33 ሳንቲም ሆነ፣ በ36 ወር 1,300 አለፈ። ታክሱን ሳንቆጥር። ለ300 ዶላር ሥራ!

በዓመት 10 ሺህ ማይል ሊዝ የምታደርጉ ደግሞ የባሰ ነው። 30 ሺህ ስትደርሱ መኪናውን የምትመልሱበት ቀን ነው። ከነፃው ሰርቪስ በኋላ የሚቀራችሁ አንድ ጎማ ማዟዟርና መመለሻው ሰሞን ዘይት ነው።

ዋራንቲው ይበላሻል ያለሽን ነገር በተመለከተ፣ ከ1975 ጀምሮ ማግኑሰን ሞስ የሚባል የፌደራል ሕግ አለ፣ ዋራንቲ ለመጠበቅ ዲለር ጋ ብቻ ሰርቪስ አድርጊ ብለው ሊያስገድዱሽ አይችሉም፣ ካስገደዱ ሰርቪሱን በነፃ መስጠት አለባቸው። ከአንቺ የሚጠበቀው ሰርቪሱን በሰዓቱ ማድረግና ማስረጃ መያዝ ነው። ሰውዬውን "ይሄን በጽሑፍ ስጠኝ" በይው፣ ወዲያው ርዕስ ይቀይራል።

ወደ ጋራዡ ስንመጣ። አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም የሐበሻ ጋራዥ ሞልቷል፣ ሥራቸው ጥሩ የሆነ ብዙ ሰዎች አሉ፣ ዋጋውም ከዲለር ይሻላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መኪናው ምን እንደሆነ በቋንቋሽ ያስረዱሻል። ችግሩ ደረሰኝ ነው። ካሽ ትሰጫለሽ፣ ደረሰኝ ስትዪ "ምን ያደርግልሻል፣ እኔ አለሁ አይደል" ይልሻል። ለራስሽ መኪና ምንም አይደለም፣ ሊዝ ግን መኪናው ያንቺ አይደለም፣ ስትመልሺ ሰርቪስ መደረጉን የሚያሳይ ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ቀኑ፣ ማይሉ፣ የመኪናው ቪን (መለያ) ቁጥርና የገባው ዘይት ዓይነት የተጻፈበት ደረሰኝ ካልሰጡሽ አትሂጂ። ዘይቱን ራስሽ አረጋግጪ፣ ካለፈው ጥቂት ዓመት ወዲህ የወጣው የራቭፎር 2.5 ሞተር የሚወስደው ዜሮ ደብሊዩ 16 (0W-16) የሚባለውን ዘይት ነው፣ አንዳንድ ቦታ ያላቸውን ዜሮ ደብሊዩ 20 ገልብጠው ይሸኙሻል።

ቶሎ ቶሎ ዘይት የሚቀይሩት፣ ከመኪና ሳትወርጂ የሚጨርሱት፣ በየቦታው ቅርንጫፍ ያላቸው ሱቆች ለኔ መጨረሻ ምርጫ ናቸው። ደረሰኙን በደንብ ይሰጣሉ፣ ግን ዋጋቸው ከዲለር ብዙም አይለይም፣ ዘይቱን እየቀየሩ አስር ነገር ሊሸጡልሽ ይሞክራሉ። ከነሱ ይልቅ የዲለሩ ዌብሳይት ላይ የሰርቪስ ኩፖን የሚል ገጽ አለ፣ ከመሄድሽ በፊት እሱን እይው፣ ኩፖን ይዘሽ ስትሄጂ ዲለሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከነሱ ይረክሳል። የኔ ምርጫ ነፃው እስኪያልቅ ዲለር፣ ከዛ ኩፖን ካለ እዛው፣ ከሌለ ደረሰኝ የሚሰጥ ሐበሻ ጋራዥ።

የሌላ ሰው አስተያየት፦ ወንድሜ ሁሉም ቶዮታ አይነዳም እኮ 😄 እኔ መርሴዲስ ሊዝ አድርጌ ፓኬጁን ገዝቼ አልቆጨኝም።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ እዛ ላይ አልከራከርህም። መርሴዲስ እንደ ቶዮታ ነፃ ሰርቪስ ይዞ አይመጣም፣ በየዓመቱ ወይም በየ10 ሺው ሰርቪስ ኤ (ቀለል ያለው)፣ ሰርቪስ ቢ (ሰፋ ያለው) እያለ ይቀያየራል፣ ቢ ላይ ስትደርስ ዲለር ጋ ብዙ መቶ ዶላር ነው። ካምፓኒው ራሱ አስቀድሞ የሚሸጠው ፓኬጅ አንድ በአንድ ከመክፈል ሊረክስ ይችላል። ግን እዛም ቢሆን ሰርቪሱን ቁጠር፣ በዓመት 10 ሺህ ለሚነዳ ሰው በ36 ወር ውስጥ የሚገባው ኤ፣ ቢ፣ ከዛ ኤ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመመለሻው ቀን ጋር ይጋጫል፣ ስለዚህ የሦስት ሰርቪስ ፓኬጅ ከመግዛትህ በፊት የሁለቱን ዋጋ ጠይቅ። ቢኤምደብሊው የምትነዱ ግን እንዳትታለሉ፣ አዲስ ቢኤምደብሊው 3 ዓመት ወይም 36 ሺህ ማይል የታቀደ ሰርቪስ አብሮት ይመጣል፣ 36 ወር ሊዝ ላይ ሌላ መግዛት ማለት የተከፈለ ቡና ሂሳብ እንደገና መክፈል ነው። ሆንዳ ከ2023 ሞዴል ጀምሮ 2 ዓመት ወይም 24 ሺህ ማይል አለው። ሀዩንዳይም ከ2020 አንስቶ ለ3 ዓመት ወይም ለ36 ሺህ ማይል ነፃ ዘይትና ጎማ ማዟዟር ሲሰጥ ነበር፣ አሁን የምትወስዱት ሞዴል ላይ መኖሩን ዲለሩ በኢሜይል ይጻፍላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ "ፓኬጅ" ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። በመኪናው ካምፓኒ ስም የሚሸጥ አለ፣ አገር አቋርጣችሁ ብትሄዱም የካምፓኒው ዲለር ሁሉ ይቀበለዋል። ዲለሩ ራሱ ፈጥሮ የሚሸጠው ደግሞ አለ፣ እዛው ዲለር ብቻ ነው የሚሠራው። ከውድብሪጅ (ቨርጂኒያ) ወስዳችሁት ሥራ ቀይራችሁ ጀርመንታውን (ሜሪላንድ) ብትገቡ ዘይት ለማስቀየር በ495 ሀይዌይ ትራፊክ መመላለስ ነው። ወረቀቱ ላይ ማን ነው የሚከፍለው የሚለውን አንብቡ።

ኤሌክትሪክ መኪና ሊዝ ያደረጋችሁ ደግሞ፣ የ7,500 ዶላሩ የፌደራል ድጎማ እስከ መስከረም 2025 ድረስ በነበረበት ጊዜ ብዙ ሐበሻ ገብቶበታል፣ ዘይት የለም፣ የሚቀየር ካንዴላ የለም፣ ጎማ ማዟዟርና የኤሲ ፊልትሮ ነው ያላችሁ። ለዚህ ሜንተናንስ ፓኬጅ የሸጠላችሁ ሰው ደፋር ነው።

ኡበርና ሊፍት ለምትሠሩ፦ መጀመሪያ የሊዝ ውላችሁን አንብቡ፣ ብዙዎቹ ለንግድ ሥራ መጠቀምን ይከለክላሉ፣ ፓኬጆቹም እንደዛው። ይፈቀዳል ቢባል እንኳ በወር 4 ሺህ ማይል የሚነዳ ሰው በዓመት 12 ሺህ ማይል ሊዝ ውስጥ ምን ያደርጋል፣ ለእያንዳንዱ ትርፍ ማይል ከ15 እስከ 25 ሳንቲም ነው የሚቆረጠው፣ ከሜንተናንሱ በፊት ያ ነው የሚገድላችሁ።

ጠያቂዋ፦ ተባረክ ወንድሜ። ደወልኩለትና አልፈልግም ስለው ወደ 600 አወረደው። የጎማና የቸርኬ መድን እንዲሁም ናይትሮጅን ጎማ ውስጥ እንጨምርልሻለን አለ። አሁንስ?

መልስ፦ በአንድ ስልክ 600 ዶላር ከወረደ መጀመሪያውኑ ምን ያህል አስቀምጠውበት እንደነበር አየሽ። አሁንም ከ300ው በላይ ነው። ናይትሮጅኑን ተይው፣ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 ፐርሰንቱ ናይትሮጅን ነው።

የጎማና የቸርኬው ግን ትንሽ አስቢበት። ሜንተናንስ ፓኬጅ ጎማም የፍሬን ሸራም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፣ ሊዝ ስትመልሺ ደግሞ ገንዘብ የሚወጣው እዛ ላይ ነው። የዚህ አካባቢ መንገድ ከክረምት በኋላ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፣ በየካቲትና በመጋቢት ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ አይታይም፣ 19 ወይም 20 ኢንች ቸርኬ ያለው መኪና ከሆነ አንድ መታጠፍ ብቻ ብዙ መቶ ዶላር ነው። ራቭፎርሽ 17 ኢንች ከሆነ እኔ አልገዛም፣ ጎማው ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል። ትልቁ ቸርኬ ካለውና በየቀኑ ዲሲ ውስጥ የምትነጂ ከሆነ ግን ዋጋውን አስቀንሰሽ እሱን ብቻ ለብቻው ግዢ። የቸርኬ ጭረት ይሸፍናል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር የሚጫጫረው ነው ሁሌም የሚያስከፍለው፣ ብዙዎቹ እሱን አይጨምሩም።

ጎማሽን መለካት ቀላል ነው። ኳርተር (የ25 ሳንቲም ሳንቲም) ያዢና የዋሽንግተንን ራስ ወደታች አድርገሽ የጎማው ጥርስ መሃል አስገቢው። የራሱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ከታየ ከ4/32 ኢንች በታች ነው፣ ብዙ የሊዝ ካምፓኒ ደግሞ ከዚያ በታች አይቀበልም። ጎማውን በየጊዜው ካላዟዟርሽ የፊቶቹ ቀድመው ያልቃሉ፣ እና አራቱንም ስትገዢ 800 ዶላር አካባቢ ነው። ስለዚህ ነፃውን ማዟዟር እንዳትዘልይው፣ ሥራ በዛብኝ ብለው የሚተዉት ሰዎች ናቸው መጨረሻ ላይ የሚያለቅሱት። መመለሻው ሁለት ወር ሲቀረው ደግሞ ካምፓኒው ቅድመ ምርመራ ይልክልሻል፣ ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው፣ ያን አስደርጊና የሚያስከፍልሽን ነገር አስቀድመሽ ውጪ በርካሽ አሠሪ።

ሌላ ጠያቂ፦ እኔ ባለፈው ወር ፈርሜ ወስጃለሁ፣ ፓኬጁ አለበት። መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ መኪናውን መመለስ አይቻልም፣ ሦስት ቀን አለኝ የሚባለው ወሬ ለዲለር መኪና አይሠራም። ፓኬጁን ግን ብዙ ጊዜ መሰረዝ ይቻላል። የፓኬጁን ውል አውጣ፣ ለብቻው የፈረምክበት ወረቀት ነው፣ ካንሰሌሽን (ስረዛ) የሚለውን ክፍል ፈልግ። ምንም ሰርቪስ ካልተጠቀምክበትና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሆነ ሙሉውን ወይም ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ቆርጠው ይመልሳሉ፣ ካለፈ ደግሞ በቀረው ጊዜ ልክ ነው። በስልክ አትጨርስ፣ "ፋይናንስ ማናጀሩ ዛሬ የለም" እያሉ ያመላልሱሃል። ደብዳቤ ጽፈህ፣ የማይሉን ፎቶ አንስተህ፣ በኢሜይልም በአደራ ፖስታም ላክ። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በእጅህ አይሰጥም፣ ወደ ሊዝ ካምፓኒው ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ከወር በኋላ ለሊዝ ካምፓኒው ደውልና ሂሳብህ ላይ መግባቱን አረጋግጥ።