ሞተር የቀየርኩት ላንድክሩዘር ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ቆመብኝ፤ እርዱኝ!

ባለ 45 (ጠያቂ)፦
ሰላም ጓዶች፣ አስቸኳይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ስሄድ መኪናዬ ቆሞብኛል። የድሮው ላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው፣ 45ቱ። የቤንዚን ሞተሩን አውጥቼ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ አስገብቼበታለሁ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። 15፣ 20 ደቂቃ ከነዳሁት በኋላ ጉልበት ያጣና ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ ከዚያ እንደገና ያው። ሙቀቱ አልጨመረም። እሁድ የወንድሜ ሰርግ ነው፤ ሙሽሮቹን በዚህ መኪና ልወስድ ቃል ገብቻለሁ። ስልኬ 30 ፐርሰንት ነው ያለው። ምን ላድርግ?

አዴት በር፦
ፊልትሮ ነው። ቀይረው።

ዘጌ ቡና፦
ታንኳ ግዛ ወንድሜ። ፊልትሮ የለው፣ ናፍጣ አይጠጣ። ሙሽራዋም ፎቶዋ ያምርላታል።

የቀድሞ ሾፌር፦
ልጄ፣ ስማኝ። በዚህ መኪና እናንተ ሳትወለዱ ነድቻለሁ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ውሃ እንኳ 100 አይደርስም፣ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። የዛሬ ልጆች ደግሞ ገና ሳይሞቅ ትረግጡታላችሁ። መጀመሪያ ራዲያተሩን እይ፣ ቀጥሎ ቺንጊያውን፣ ከዚያ ቴርሞስታቱን አውጣና...

ባለ 45፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ አልሞቀም ብያለሁ እኮ። ጠዋት እንደ ልቡ ሲነሳም ከፍታው ያው ነው።

ቤንዚን ይሻላል፦
ጥፋቱ ከመነሻው ነው። 2ኤፍን የሚያህል የቤንዚን ሞተር አውጥተህ ጣልክ? 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ማንም መካኒክ የሚፈታው። ናፍጣ ካማረህም ቶዮታ ራሱ በፈረንጅ ከ1980 ጀምሮ 47ቱ ላንድክሩዘር ላይ ያስገባው 2ኤች ነበረልህ። ዋን ኤች ዜድ የመጣው በ1990 ነው። ያንተን 45 የሚጨምሩት 40ዎቹ ያኔ መመረት ካቆሙ 6 ዓመት ሆኗቸዋል። ለመሆኑ የሞተር ቁጥሩን ሊብሬው ላይ አስቀይረሃል?

ባለ 45፦
ሊብሬውን ከሰርጉ በኋላ እናወራለን። የ2ኤፉን ቤንዚን አንተ ሸፍንልኝ፣ ነገውኑ እመልሰዋለሁ።

አዴት በር፦
ፊልትሮውን ቀየርከው?

ኤሌትሪሺያኑ፦
ሁለት ነገር መልስልኝ። ሲጠፋ ቁልፍ እንደዘጋህበት ቀጥ ይላል ወይስ እየተንተፋተፈ ነው? ሞተሩ የወጣበት መኪናስ 24 ቮልት ነበር ወይስ 12?

ባለ 45፦
እየተንተፋተፈ። መኪናው 24 ነበር፣ ከተገለበጠ ላንድክሩዘር 75 ላይ የወጣ ሞተር ነው። ሞተሪኖውንና ዲናሞውን በ12 ቀይሬያለሁ።

ኤሌትሪሺያኑ፦
ፓምፑ ላይ ያለችውን ነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድስ?

ባለ 45፦
የቷን ሶሌኖይድ?

ኤሌትሪሺያኑ፦
ሃሃ፣ እሺ። እሷም 24 ከሆነች በ12 ቮልት በደካማው ነው የምትይዘው። ስትሞቅ ልትለቅ ትችላለች። ግን ብትለቅ ኖሮ ሞተሩ ድንገት ቀጥ ይል ነበር። ስለዚህ ቀይራት፣ የዛሬው ሕመምህ ግን ሌላ ይመስለኛል።

ደብረ ታቦር መንገድ፦
ካንዴላዎቹን አውጥተህ በብሩሽ አጽዳቸው። የኔንም እንዲሁ አድርጎት ነበር።

ዘጌ ቡና፦
ናፍጣ ነው እያለ እኮ ነው! ካንዴላ ያለው ቤንዚን ሞተር ላይ ነው። ካገኘህበት ፎቶ ላክልን።

ጎርጎራ፦
አንድ ጥያቄ። ከቆመ በኋላ በምንድን ነው የምታስነሳው? ዝም ብለህ ቁልፍ ትመታለህ?

ባለ 45፦
አይ፣ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ 20 ጊዜ ያህል እጫናታለሁ። መጀመሪያ ልፍስፍስ ትላለች፣ ስትጠነክር ይነሳል።

ጎርጎራ፦
ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትነግረንም! አየር ነው። የናፍጣ ፓምፕ ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ነው የሚስበው። የተረፈው ፓምፑን አቀዝቅዞ፣ አየሩንም ይዞ በመመለሻው ቱቦ ወደ ታንኩ ይሄዳል። የቤንዚን ታንክህ መመለሻ አለው? የት ነው የቀጠልከው?

ባለ 45፦
የለውም። መካኒኩ በቲ፣ በባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፣ ከመሳቢያው ቱቦ ጋር አገናኘው፣ ከፊልትሮው በፊት። ነዳጁ ያው ተመልሶ ይገባል ብሎኝ ነው።

ጎርጎራ፦
በቃ፣ አገኘነው። አየሩ መውጫ አጥቷል። ከፓምፕ ወደ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮ ወደ ፓምፕ ሲዞር ይውላል። ጠዋት ጥቂት ነው፣ እየቆየ ይጠራቀማል። የሞቀው ናፍጣም ሳይበርድ አብሮ ይዞራል።
አሁን ጄሪካን ፈልግና ናፍጣ ቅዳበት። ቲውን ፍታና መሳቢያውንም መመለሻውንም ጄሪካኑ ውስጥ ክተት። መሳቢያው እስከ ታች ይድረስ። አፉን በጨርቅ ሸፍነው፣ ድፍን አድርገህ ግን አትዝጋው፣ አየር ማስገባት አለበት። ከኋላ መጫኛው ላይ አጥብቀህ እሰረው። ጋቢና ውስጥ እንዳታስገባ፣ ከጭስ ማውጫውም አርቀው። ግልጽ ቱቦ ካገኘህ አረፋውን በዓይንህ ታየዋለህ። የቱቦ ማሰሪያ ፋሼታዎቹን ጥብቅ አድርግ። በጄሪካን ግማሽ ሰዓት ካልጠፋ ችግሩ ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ባለው መስመር ነው። ከጠፋ ወደ ኤሌትሪሺያኑ ተመለስ።
ቤት ስትገባ ታንኩ ላይ መመለሻ አሠራ። ግን ይህን ስማኝ፦ ቤንዚን የነበረበት ታንክ ላይ ብየዳ እንዳታስጠጋ። ባዶ ቢመስልም ትነቱ ውስጡ አለ፣ ይፈነዳል። የነዳጅ መለኪያውን ክዳን ፈትተህ ከታንኩ አርቀህ ብሳውና የመመለሻውን መግቢያ እዚያ ላይ በቡሎን እሰረው። ብየዳ አያስፈልግህም።

የቀድሞ ሾፌር፦
እኔም ይህንኑ ልል ነበር።

አዴት በር፦
ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር።

ጎርጎራ፦
እዚህ ላይ አዴት በር ልክ ነው። የአሮጌ ታንክ ዝገት ፊልትሮ ይሞላል። እሱን ብቻ ብትቀይር ግን ነገም እዚያው ትቆማለህ።

ባለ 45፦
ጄሪካን ከአንዲት እናት ተውሻለሁ። የጠላ ነበር፣ አጠብኩት። ቱቦ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሰጠኝ።

ጎርጎራ፦
ደርቋል? ጠብታ ውሃ እንዳይኖር። ፓምፑን የሚገድለው እሱ ነው። በጨርቅ ጥረገውና ፀሐይ ላይ ድፋው።

ዘጌ ቡና፦
ጠላውስ የት ሄደ?

ባለ 45፦
ደርቋል። ቆሜ ሳስነሳው 25 ደቂቃ ሠራ፣ አልጠፋም! አረፋው መጀመሪያ ብዙ ነበር፣ አሁን ቀንሷል። ወደ ከተማ ልነዳው ነው። ስልኬ 4 ፐርሰንት ደርሷል። ተባረኩ።

ኤሌትሪሺያኑ፦
ሶሌኖይዷን እንዳትረሳ። ላይዋ ላይ ቮልቱ ተጽፏል፣ አንብበህ ንገረን።

ጎርጎራ፦
ደረስክ?

ቤንዚን ይሻላል፦
ማክሰኞ ሆነ እኮ። ሰርጉስ?

ደብረ ታቦር መንገድ፦
እሁድ ሐይቁ ዳር አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ አበባ ተለጥፎበት ሲያልፍ አየሁ። ከፊቱ አይሱዙ ነበር። እየተነዳ ይሁን እየተጎተተ ግን ሰው ስለበዛ አልታየኝም።